የሆድ ነገር

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በርገን ዝናብ ናት እንደ ወትሮዋ።
ይባቤ ደፉ ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጇ ከሆዷ።
«አባ» ትላለች። ሌላ ቃል የለም።
እኔም «ምን ሆንሽ» አልላትም።
ላስቲኩን ሙቅ ውሃ እሞላለሁ፣
በፎጣ ጠቅልዬ አሳቅፋታለሁ፣
እስክታንቀላፋ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ በሆድ ሄደዋል።
ደሟ ተቀድቷል፣ ሆዷ በቀዝቃዛ ቅባት ታሽቷል፣
ቱቦ በጉሮሮዋ ወርዷል።
በመጨረሻ ሐኪሟ ወረቀቱን ገልጣ፣
«ደስ ይበላችሁ፣ ምንም የለም» አለች፣ ፈገግታዋን አምጥታ።
እኔ ተነሥቼ ልስማት ትንሽ ቀረኝ፤
ልጄ አንገቷን ደፋች፤ ያኔ ነው የገባኝ፦
«ምንም የለም» ሲሏት እሷ የሰማችው
«ትዋሻለሽ» ነው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው።

እኔም ብያታለሁ፤ ይህን አልደብቅም።
ኅዳር ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ለፈረቃዬ ረፍዶብኝ፣
«ትምህርት ሲኖር ብቻ ነው የሚያምሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።
መልስ አልሰጠችኝም።
ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች፤ ቋጠሮው እንቢ እያላት።

እንዴት ጠፋኝ? በኔ ቋንቋ ሁሉም የሚያድረው ሆድ ውስጥ አይደል?
ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፣ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣
የማይነገረውን ሆድ ይፍጀው ብለን እንጥላለን፣
ስንጣላ ሆድና ጀርባ፣
ስንዋደድ «ሆዴ» እንባባላለን።
ይህን ሁሉ ጭነንበት ጭነንበት ኖረን፣
እሱ ራሱ አንድ ቀን «አመመኝ» ቢለን፣
ፎቶው ላይ አይታይም ብለን እንሟገታለን።

አክስቷ ከደሴ ደውላ «ኮሶ ይሆናል» አለች።
ጎረቤቴ ዓይን ነው አለ። እናቷ ለገብርኤል ተሳለች።
ሁለተኛው ሐኪም ግን፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ሽማግሌ፣
ወንበሩን ወደ ልጄ ጎትቶ፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጥሮ፣
«ሕመምሽ እውነት ነው» አላት። «ሆድሽና ጭንቅላትሽ
በስልክ ያወራሉ፤ የስልኩ ድምፅ ነው የጮኸብሽ።
ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን።»
ይባቤ ቀና አለች።
ያንን ቀና ማለት ሁለት ዓመት ጠብቀናል።

አሁን ቀይ ደብተር አለን፤ የበላችው፣ የፈራችው ይጻፍበታል።
ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ለጊዜው ከቤት ወጥቷል።
ያለ ሽንኩርት ወጥ! መጀመሪያ ቀን ድስቱን አየሁት፣ ድስቱም አየኝ።
ሽንኩርት ሳይከተፍ ማልቀስ እንደሚቻል ያኔ ተገለጠልኝ።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ድሮ ከተማውን በፌርማታ ነበር የማውቀው፤
አሁን በመጸዳጃ ቤት ነው።
ቤተ መጻሕፍቱ ንጹሕ፤ የጣቢያው ካርድ ይጠይቃል፤
የዓሣ ገበያው ቁልፉ ላልቷል፤
ክር የምትሸጠዋ አሮጊት፣ በእጅ ምልክት እንኳ፣ በሯን ትከፍታለች።
ካርታ ሣልኩላት። ኪሷ ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች፤
ብዙም አታወጣው፤ መኖሩን በጣቷ ትነካካለች።
መምህርቷ ኢንግቪል ደግሞ አረንጓዴ ካርድ ሰጥታታለች፦
ጠረጴዛው ጥግ ታስቀምጠዋለች፣
እጅ ሳታወጣ፣ ማንም ሳያያት፣ ትወጣለች።

ትናንት ክፍሏ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ተራራው ላይ ወጣ።
ቀኑን ሙሉ መሪዬን ይዤ፣ ዓይኔ በጉም ውስጥ ጫፉን ሲያጣ፣
ስልኬ አልጮኸም።
ማታ «አሞሽ ነበር?» አላልኳትም፤
ሕመም ስሙን ሲሰማ አቤት ማለት ይወዳል።
«ምን አየሽ?» አልኳት።
«ፍየል» አለች። «አንዷ ካርዴን በላችው።
ኢንግቪል ልትቀማት ስትል፣ ዋጠችው።»
ሁለት እጇ ሆዷ ላይ፣ ጉልበቷ ታጠፈ፤
ላስቲኩን ፍለጋ ተነሥቼ ነበር፤
ሳቅ ነው። ሳቅ ነበር።

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ደፉ ላይ ቆማለች።
«አባ።»
ውሃውን ጣድኩ።
«ፍየሏንስ አሟት ይሆን?» አለች።